ውድ ራውተር ልግዛ ወይስ ባለኝ ልቀጥል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወርክሾፓችን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። በር፣ ቁም ሳጥንና የኪችን ካቢኔት እንሠራለን። ከፒያሳ፣ ከልደታና ከካዛንቺስ ጎራ የሚሉ የሙያ ጓደኞች ራውተሬን ያነሱና መዘን መዘን አድርገው ዋጋውን ይጠይቃሉ። ዋጋውን ስነግራቸው መልሰው ያስቀምጡታል፤ ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። መልሱን በአፍ ስደጋግመው ስለኖርኩ እዚህ በጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ።

ራውተር ስትሉ የኢንተርኔቱን ነው?

አይደለም። ቢት (የሚቆርጠው ብረት) ታስሮበት በደቂቃ ከ10,000 እስከ 30,000 ጊዜ እየዞረ ጠርዝ ስለሚያለሰልሰው፣ ቦይ ስለሚቆፍረውና ቅርጽ ስለሚያወጣው የእንጨት ማሽን ነው የማወራው። በአንድ እጅ የሚያዘውን ትንሹን ትሪመር እንለዋለን። ሁለት እጀታ ያለውና ከላይ ተጭነው ወደ እንጨቱ የሚያስገቡት ትልቁ ደግሞ ፕላንጅ ራውተር ነው።

ዋታቸው አንድ ሆኖ ዋጋቸው ለምን ይራራቃል?

ካርቶኑ ላይ ያለው ዋት ማሽኑ ከመስመር የሚስበውን ኃይል ይናገራል እንጂ ቢቱ እንዴት እንደሚዞር አይናገርም። የዋጋው ልዩነት ያለው ከውጭ በማይታየው ነገር ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ኮሌቱን እዩት። ኮሌት የቢቱን እግር ዙሪያውን አንቆ የሚይዘው ስንጥቅጥቅ ያለ ቀለበት ነው። ርካሹ ማሽን ላይ ስንጥቁ ጥቂት፣ ብረቱም ለስላሳ ይሆናል፤ ቢቱን በሁለት በሦስት ቦታ ብቻ ነክሶ ይይዘዋል። ጥሩ ኮሌት ግን ብዙ ቦታ የተሰነጠቀ፣ የጠነከረና በጥንቃቄ የተስተካከለ ስለሆነ ቢቱን ከሁሉም ጎን እኩል ያቅፈዋል። ቢቱ መሃሉን ሳይስት ሲዞር ቁርጡ ላይ እንደ ሞገድ ተደርድሮ የሚታየው ምልክት ይጠፋል። ያ ምልክት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ቫርኒሽ ወይም ቀለም ሲያርፍበት ነው ቁልጭ ብሎ የሚወጣው፤ ያኔ ደንበኛው በጣቱ እየዳሰሰ ነው የሚያሳያችሁ።

ሁለተኛው ጥልቀት ማስተካከያው ነው። ጥሩ ማሽን ላይ ዘዋሪውን ትንሽ ሲነኩት የሚሊ አንድ አሥረኛ ያህል ይወርዳል፣ ሲቆልፉትም እዚያው ይቀራል። ርካሹ ላይ 8 ሚሊ ብለው ያሰሩት ሦስተኛው በር ላይ ሲደርሱ 8 ተኩል ሆኖ ያገኙታል። ንዝረቱ ቀስ በቀስ ያላላዋል።

ሦስተኛው ፍጥነት የሚጠብቀው ኤሌክትሮኒክስ ነው። ቢቱ ወደ እንጨቱ ጠልቆ ሲገባ ማሽኑ ድምፁ አይወርድም፤ ፍጥነቱን ራሱ ይይዛል። ሲነሳም በዝግታ ስለሚነሳ ከእጅ አይነጠቅም። አቧራ መሳቢያው በደንብ የታሰበበት መሆኑ የቀረው ልዩነት ነው፤ ስለሱ ከታች እመለስበታለሁ።

ታዲያ እኔ መቀየር እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?

ለሁለት ሳምንት ደብተር ያዙ። ራውተሩ ሥራ ባስቆማችሁ ቁጥር ምክንያቱንና የባከነውን ደቂቃ ጻፉ፤ ቢት ተንሸራተተ፣ እንጨቱ ተቃጠለ፣ ጥልቀቱ ተነቃነቀ፣ ማሽኑ ግሎ እስኪበርድ ጠበቅን፣ ጠርዙ ተፈነቀለ እያላችሁ።

እኔ ይህን ያደረግሁት ከመግዛቴ በፊት ነው፤ ውጤቱ ካሰብኩት የተለየ ነበር። ግማሽ ያህሉ ችግር የደነዘዘ ቢት ነው። የቀረውን ትልቅ ድርሻ የያዘው ደህና መመሪያ ጣውላና ጠረጴዛ አለመኖሩ ነበር። በማሽኑ ላይ በእውነት ሊላከክ የሚችለው ሁለት ነገር ሆኖ ተገኘ፤ የበር ቁልፍ ቦታ ስንቆፍርና የዋንዛ በር ላይ ሰፊ ቅርጽ ስናወጣ ይሰቃይ ነበር። እነዚህን ሁለት ሥራዎች በየሳምንቱ ስለምንሠራ ገዛሁ። በዓመት ሁለቴ ብንሠራቸው ኖሮ አልገዛም ነበር።

ሥራችሁ በአብዛኛው የ18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከላመ እንጨትና ሙጫ የተጨመቀ ጣውላ) ጠርዝ ማለስለስ፣ የማጠፊያ ቦታ ማውጣትና ከኋላ ለሚገባው ስስ ኮምፔንሳቶ ቦይ መቆፈር ከሆነ ደህና ትሪመር ይበቃችኋል። የምነግራችሁም በሙሉ ልብ ነው፤ ትልቅ ማሽን ገዝተው በትሪመር የሚሠሩ ሰዎች አውቃለሁ።

መጀመሪያ ቢት ልግዛ ወይስ ማሽን?

ቢት።

እንጨቱን የሚቆርጠው ቢቱ ነው፤ ማሽኑ ያዞረዋል። ኤምዲኤፍና ቺፕውድ ውስጥ ያለው ሙጫ ተራ የብረት ቢትን በፍጥነት ያደነዝዛል። ስለዚህ አፉ ካርባይድ (በጣም ጠንካራ ቅይጥ) የሆነ ቢት ግዙ፤ እሱንም በሳጥን ሙሉ ስብስብ ሳይሆን የምትሠሩበትን አራት አምስት ቅርጽ ለይታችሁ። ትልቅ ሳጥን ሙሉ ርካሽ ቢት ዋጋው ማራኪ ነው፤ ከውስጡ ግን የምትነኩት ሦስቱን ነው።

ጽድ ስትሠሩ ቢቱ ላይ የሚጋገረውን ሙጫ አጽዱ። ላምባ ውስጥ ነክሮ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈተግ ይበቃዋል። ደነዘዘ ብለን የምንጥለው ቢት ብዙ ጊዜ የቆሸሸ ቢት ነው።

ፍጥነቱንም ተመልከቱ። የሚያቃጥለው ሁልጊዜ ማሽኑ አይደለም። 80 ሚሊ ስፋት ያለው የበር ቅርጽ ቢት በደቂቃ 24,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 100 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ይህ በሰዓት 360 ኪሎ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ቢት በ10,000 አካባቢ ነው መዞር ያለበት። ማሽናችሁ ፍጥነት መቀነሻ ከሌለው ትልቅ ቢት ጭራሽ አትሰሩበት። መቀየር ግዴታ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

6 ሚሊና ሩብ ኢንች ያው አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊ ነው። ልዩነቱ የሚሊ ሲሶ ያህል ቢሆንም ጉዳቱ ትልቅ ነው።

መርካቶ ውስጥ የሩብ ኢንች፣ የ6፣ የ8፣ የ12 ሚሊና የግማሽ ኢንች ቢት አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀላቅሎ ይሸጣል። አንድ ጊዜ የ6 ሚሊ ቢት በሩብ ኢንች ኮሌት አስሬ የዋንዛ በር ላይ ቦይ ስቆፍር ነበር። ቁልፉን ስጠብቀው እሺ ብሎ ጠበቀ፤ የያዘው መሰለኝ። ግማሽ ሜትር ያህል እንደሄድኩ ድምፁ ወፈረ። ማሽኑን ባነሳው ቢቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ወርዶ 9 ሚሊ መሆን የነበረበት ቦይ መጨረሻው ላይ 15 ሚሊ ደርሷል። ያ ጣውላ አንድ ወጥ ነበር፤ መሃሉ ላይ ቀላ ያለ መስመር ነበረው፤ እሱን የሚመስል ሌላ አላገኘሁለትም። ያን ቀን የወቀስኩት ማሽኑን ሳይሆን ራሴን ነው።

እግሩን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሳትለኩ ቢት አትግዙ። ስታስሩት ደግሞ ቢያንስ 20 ሚሊ ያህል አስገቡት፤ እስከ ታች ካስነኩት በኋላ ሁለት ሦስት ሚሊ መልሳችሁ ሳቡት፤ ከታች የነካ ቢት ኮሌቱ ሲጠብቅ በደንብ አይያዝም።

እዚሁ ላይ ትልቁ ማሽን የሚያሸንፍበትን ምክንያት ልንገራችሁ። የክብ ብረት ግትርነት ከውፍረቱ ጋር በአራተኛ እርከን ነው የሚያድገው። ግማሽ ኢንች እግር ከሩብ ኢንቹ በውፍረት እጥፍ ነው፤ መታጠፍን በመቋቋም ግን 16 እጥፍ ይበልጠዋል። 8 ሚሊው እንኳ ከ6 ሚሊው ከ3 እጥፍ በላይ ይገትራል። ረጅም ቢት አስራችሁ የቁልፍ ቦታ የምትቆፍሩ ከሆነ የግማሽ ኢንች ወይም የ12 ሚሊ ኮሌት ያለው ማሽን የግድ ነው። በቀጭን እግር ያንን ጥልቀት መሞከር አደጋ ነው።

ስንት ዋት ይበቃኛል?

እንደ ሥራው ነው። ማኪታ አርቲ0700 ትሪመር 710 ዋት ሆኖ ከ10,000 እስከ 30,000 ይዞራል፤ ለጠርዝ፣ ለማጠፊያና ለቀጭን ቦይ ከበቂ በላይ ነው። የቀድሞው ማኪታ 3709 ደግሞ 530 ዋት ነው፤ ፍጥነቱ 30,000 ላይ የቆመ ስለሆነ ሰፊ ቢት አይስማማውም። በመካከል ፌስቱል ኦኤፍ 1400 አለ፤ ስሙ እንደሚለው 1,400 ዋት ነው፤ ከ10,000 እስከ 22,500 ይዞራል። አንድ ጥሩ ማሽን ብቻ መግዛት ለሚችል ባለሙያ እንዲህ ያለው መካከለኛ መጠን ነው የሚሻለው ብዬ አምናለሁ። ማኪታ አርፒ2301 2,100 ዋት፣ ፌስቱል ኦኤፍ 2200 ደግሞ 2,200 ዋት ናቸው፤ እነሱ ሙሉ ቀን ወፍራም እንጨት ለሚቆፍር፣ በር ለሚያመርት ቤት የተሠሩ ናቸው።

መብራታችን ይዋዥቃል፤ ውዱን ማሽን አያበላሽብኝም?

ሊያበላሽ ይችላል። የሚጎዳውም ሞተሩ ሳይሆን መጀመሪያ ኤሌክትሮኒክሱ ነው።

2,200 ዋት በ220 ቮልት ሲሠራ 10 አምፔር ይስባል። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቱ ይወርዳል፤ ፍጥነት ጠባቂው ደግሞ ፍጥነቱን ላለመልቀቅ ሲታገል ተጨማሪ ጅረት ይስባል፣ ይግላል። ርካሹ ማሽን እንዲህ ሲሆን ድምፁን አውርዶ ያስጠነቅቃችኋል። ውዱ ግን እየታገለ ዝም ይላል። ስለዚህ ከባድ ቁፋሮውን ጠዋት ሥሩ፤ ሞተሩ በጣም ሲሞቅ ምንም ሳይቆርጥ ለአንድ ደቂቃ አዙሩትና ነፋሱ ያብርደው።

የምትጠቀሙበት ኤክስቴንሽን ገመድ ቀጭንና ረጅም ከሆነ በቮልት ላይ ሌላ ቅነሳ ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ ተጠቀሙ፣ ከጥቅሉም ሙሉ በሙሉ ፍቱት፤ ተጠቅልሎ የሚሠራ ገመድ ይግላል።

ሌላው ከሁሉ የማሳስባችሁ ነገር አለ። መብራት በሥራ መሃል ሲሄድ ማብሪያውን ሳያጠፉ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሻይ ሊጠጡ የሚወጡ አሉ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ብቻውን ይነሳል። ከአንዳንድ ውድ ማሽኖች ጋር የሚመጣው ዳግም መነሳትን የሚከለክል መቆጣጠሪያ እኛ ከተማ ውስጥ ጌጥ አይደለም። ስትገዙ መኖሩን ፈትሹ፤ ስፒናውን ማብሪያው በርቶ ሳለ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፤ ካልተነሳ አለው።

ዘመድ ከአሜሪካ ሊልክልኝ ነው፤ ይሠራል?

መጀመሪያ ቮልቱን አስነብቡት። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ በሻንጣው አንድ ግሩም ራውተር ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ስፒናው ጠፍጣፋ ባለሁለት ጥርስ ስለሆነ ቆርጬ የኛን ቀየርኩበት፤ ሰካሁት። ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ስለታም ድምፅ ጮኸ፤ ለሚዞረው ሞተር ጅረት የሚያቀብለው ካርቦን ጋ ሰማያዊ እሳት ዞረ፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ቤቱን ሞላው። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ሞተር የሚጠቀልለው ባለሙያ ጥቅሉን ሠርቶ ሊመልስ ይችል ነበር፤ የተቃጠለውን የፍጥነት ሰሌዳ ግን የሚተካ አልተገኘም።

አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ 220። የ60ና የ50 ኸርዝ ልዩነት ካርቦን ላለው ሞተር ብዙም አያሳስብም፤ የሚገድለው ቮልቱ ነው። ትራንስፎርመር መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን 15 አምፔር የሚስብ የአሜሪካ ራውተር በ120 ቮልት 1,800 ዋት ነው፤ ስለዚህ ያለማቋረጥ ቢያንስ 2,000 ዋት የሚችል፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ የሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የሱ ዋጋና ክብደት ሲደመር ስጦታው ስጦታነቱ ይቀንሳል።

ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣው ከኛ ጋር ይስማማል። ከእንግሊዝ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ፤ እዚያ ለግንባታ ቦታ ተብሎ በ110 ቮልት የሚሸጥም አለ። ዘመዳችሁ ሳጥኑን ሳይሆን ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ።

ሱቅ ውስጥ ምን ልፈትሽ?

ስፒናው እንደተነቀለ ጀምሩ። አክሱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት፤ ትንሽም ቢሆን ከተነቃነቀ አክሱ የሚዞርበት ኩሽኔታ ደህና አይደለም። ረዘም ያለ ቀጥ ያለ ቢት አስሩና በእጅ እያዞራችሁ ጫፉን ከአንድ ቋሚ ነገር፣ ለምሳሌ ከስኳድራ ጠርዝ ጋር አስተያዩት፤ ክፍተቱ እየሰፋ እየጠበበ ከሄደ ይወዛወዛል። ፕላንጁን በአንድ እጀታ ብቻ ተጫኑት፤ ጥሩው ሳይነክስ ይወርዳል፤ መጥፎው አንድ ጎኑ ቀድሞ ይቆማል።

ከዚያ አስነሱት። ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አምጡት፤ ድምፁ ደረጃ በደረጃ መጨመር አለበት። የታዋቂ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ማሽን ብዙ ነው፤ ገመዱ ደረቅ ፕላስቲክ፣ ጽሑፉ በጥፍር የሚለቅ፣ ክብደቱም ከትክክለኛው የቀለለ ይሆናል። ባለሱቁ ለመፈተሽ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ አለ፤ መርካቶ ሰፊ ነው።

መለዋወጫ አገኝለታለሁ?

ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይሄ ነው። ብዙ ሰው የሚያነሳው ግን ማሽኑ ከተሰበረ በኋላ ነው።

ራውተር የሚጨርሳቸው ነገሮች ይታወቃሉ፤ ካርቦን፣ ኩሽኔታ፣ ኮሌትና ማብሪያ ናቸው። ከመክፈላችሁ በፊት የማሽኑን ሞዴል ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መርካቶ ውስጥ መለዋወጫ የሚሸጡትን ሦስት ቦታ ጠይቁ። ካርቦንና ኩሽኔታ ከልክ ጋር ተለክቶ ይገኛል፤ ኩሽኔታው ላይ ያለው ቁጥር ዓለም አቀፍ ስለሆነ ማሽኑ የማንም ይሁን ችግር የለውም። ኮሌቱ ግን የየፋብሪካው ነው። ኮሌቱ ካልተገኘ ሁለት ምርጫ አላችሁ፤ ሌላ ማሽን ፈልጉ፤ ወይ ከማሽኑ ጋር አንድ ተጨማሪ ኮሌት ከነዳዶው አብራችሁ እዘዙ። እኔ ሁለተኛውን አድርጌያለሁ፤ ትርፉ ኮሌት በዘይት ወረቀት ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

ማኪታ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ፌስቱል እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረቱ ድርጅቶች ናቸው፤ በሥራቸው አልጠረጥራቸውም። ነገር ግን ተራራ የሚያክል ስም ያለው ማሽን ካርቦኑ ከውጭ እስኪመጣ ወር ቆሞ ሲጠብቅ፣ አጠገቡ በእግር ደርሳችሁ መለዋወጫውን የምታመጡለት መካከለኛ ማሽን ሠርቶ ያበላችኋል።

ያወጣሁትን ገንዘብ ይመልስልኛል?

አስሉት። በአሁኑና በምትመኙት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት 60,000 ብር ነው እንበል። አዲሱ በሳምንት 3 ሰዓት ቢያድንላችሁና የእናንተ ሰዓት 250 ብር ቢያወጣ፣ በሳምንት 750 ብር ነው፤ 80 ሳምንት ይፈጃል። 6 ሰዓት ካዳነ 40 ሳምንት። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ተኩ፤ ሰዓቱን የሚነግራችሁ ከላይ ያልኩት ደብተር ነው። የተበላሸ ጣውላ ዋጋም ካለ ጨምሩበት፤ ዋንዛ ላይ እሱ ብቻውን ሚዛኑን ሊገለብጠው ይችላል።

ከፋሲካና ከእንቁጣጣሽ በፊት ባሉት ሳምንታት ትእዛዝ ሲከመር ያለውን ሰዓት ብቻ ወስዳችሁ ዓመቱን አታስሉ። በዚያ ሰሞን ሁሉም ማሽን ያዋጣል።

በብድር ከሆነ አልመክርም። በቁጠባ ወይም በዕቁብ ይሻላል፤ እኔ የገዛሁት በዕቁብ ነው።

ዋጋው እስኪወርድ ልጠብቅ?

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተተወ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ማሽኑም ቢቱም ከውጭ የሚመጣ ነው። የሚያስፈልጋችሁ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ዋጋ በመጠበቅ ጊዜ አታባክኑ። ካላረጋገጣችሁ ግን "ነገ ይጨምራል" የሚለው ፍርሃት አያስገዛችሁ።

ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን) ባለበት ዘመን የእጅ ራውተር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ምን ይጠቅማል?

ሃያ የኪችን በር አንድ ዓይነት ቅርጽ ካለው ለሲኤንሲ ቤት ስጡት፤ በእጅ አትልፉ። በአንድ ቅርጽ ለሚደጋገም ሥራ ብላችሁ ውድ ራውተር መግዛት የነበረው ምክንያት አሁን ቀርቷል።

የእጅ ራውተር የሚቀረው ሲኤንሲ የማይደርስበት ቦታ ነው፤ የተገጠመ በር ላይ ቁልፍ ማስገባት፣ ደንበኛው ቤት ጠርዝ ማስተካከል፣ አንድ ለእናቱ የሆነ የዋንዛ ቡፌ። ሥራችሁ ከነዚህ ከሆነ ማሽኑ ላይ አውጡ።

ባለ ባትሪውስ?

መብራት ገና ያልገባበት ሕንፃ ላይ ለምትገጥሙ ትሪመር በባትሪ ጥሩ ነው። ባትሪው ግን ከሌላው ድሪላችሁ ጋር አንድ ስም ካልሆነ ለሁለት ባትሪና ለቻርጀር ትከፍላላችሁ። ትልቁን ራውተር በባትሪ አልመክርም።

ጠረጴዛ ልሥራለት?

አዎ፤ ያውም አዲስ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት። 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ሁለቱን አጣብቃችሁ፣ ላዩን ፎርማይካ አልብሳችሁ፣ ቀጥ ያለ መመሪያ ብታስሩበት ትንንሽ ቁራጭ ላይ የሚደርሰው አደጋ ግማሹ ይቀራል። እጅ ማሽኑን ከመግፋት እንጨቱን ወደ መግፋት ይሸጋገራል።

ማሽኑን ከጠረጴዛው ሥር ገልብጣችሁ አስራችሁ ለመሥራት ከፈለጋችሁ ግን ስትመርጡ ይህን አስቡ፤ የፕላንጅ ስፕሪንግ ተገልብጦ ሲታሰር ማስተካከያውን ያስቸግራል። ትራይተን ቲአርኤ001ን የመሳሰሉ፣ ስፕሪንጉ የሚወጣና ከጠረጴዛው በላይ በመዘወሪያ የሚስተካከሉ አሉ። ዋናው ሥራችሁ በጠረጴዛ ከሆነ ከስም ይልቅ ይሄ ይበልጥባችኋል።

ትልቁ ማሽን ለተማሪ አይከብድም?

ይከብዳል። ትሪመሩ 1.8 ኪሎ ነው፣ ትልቁ 6 ኪሎ ያልፋል። ኃይሉ ሲጨምር ሲስት የሚገፋበትም ኃይል ይጨምራል። ተግባረ ዕድ የተማሩ ልጆች ወደኛ ሲመጡ በትሪመር ነው የማስጀምራቸው። የመጀመሪያው ትምህርት አቅጣጫ ነው፤ የጣውላውን የውጭ ጠርዝ ፊት ለፊት ቆመው ሲሠሩ ከግራ ወደ ቀኝ ይሂዱ። በተቃራኒው ከሄዱ ቢቱ ማሽኑን እንደ ጎማ ያስሮጠዋል። ሁለተኛው፣ በአንድ ጊዜ ከቢቱ ውፍረት ግማሽ በላይ አይጥለቁ፤ በ6 ሚሊ ቢት 3 ሚሊ፣ 3 ሚሊ እያሉ ይውረዱ።

ለአቧራው ተጨማሪ መክፈል ተገቢ ነው?

ለኔ ከኮሌቱ ቀጥሎ ገንዘብ ማውጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው። የእንጨት አቧራ ካንሰር አምጪ መሆኑን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 መድቦታል። ራውተር የሚያወጣው አቧራ ደግሞ ከመጋዝ ይልቅ የላመ ነው፤ የኤምዲኤፉ ላይ ሙጫው ይጨመርበታል። ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ ሙሉ ቀን የዋለ ሰው ማታ ሲያስነጥስ መሐረቡ ላይ የሚያየውን ያውቀዋል። ከአቧራ መሳቢያ ጋር በትክክል የሚገጥም አፍ ያለው ማሽን ይህን በጣም ይቀንሰዋል። መሳቢያ መግዛት ካልቻላችሁ ደህና ማስክ አድርጉ፤ የቀዶ ጥገናው ስስ ማስክ ለዚህ አይሆንም። ጆሯችሁንም ሸፍኑ።

ያገለገለ ባገኝስ?

ከሚያውቁት ሰው እጅ ከሆነ ጥሩ ነው። ከላይ ያልኩትን ፍተሻ ሁሉ አድርጉና አንድ ጨምሩበት፤ ካርቦኑን አውጥታችሁ ዙሪያውን የሚነካበትን መዳብ ተመልከቱ። ለስላሳ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ የተቆፈረና የጠቆረ ከሆነ ማሽኑ ተሰቃይቷል።

አዲሱን ከገዛሁ አሮጌውን ልሽጠው?

አትሽጡት። የሚሰጣችሁ ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ሁለተኛ ራውተር ደግሞ ቢት እየፈቱ ከማሰር ያድናል። የኛ አሮጌ ትሪመር የሩብ ክብ ቢት ታስሮበት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ጥልቀቱን ማንም እንዳይነካው ዘዋሪው ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ልጆቹ ጠርዝ ሊያለሰልሱ ሲፈልጉ አውርደው ይሰኩታል፣ ይሠሩበታል፣ መልሰው ይሰቅሉታል።